ምዕራፍ ስድስት፦ ጫጫታን ከማፈን በፊት መመርመር

በአውሮፕላን ሬዲዮ ውስጥ የሚሰማ ጫጫታ ሁሉ ምንጭ አለው፤ ምንጩም በድምፁ ውስጥ ራሱን ይገልጣል። የሞተሩን ፍጥነት ተከትሎ ከፍ ዝቅ የሚል ፉጨት፣ በየሰከንዱ የሚደጋገም ምት፣ አንድ መብራት ሲበራ ብቻ የሚመጣ የሽሽታ ድምፅ፣ እያንዳንዳቸው ከታወቀ ዕቃ ይነሣሉ፤ ወደ ጆሮ የሚደርሱበት መንገድም ተፈትሾ ሊታወቅ ይችላል። እንዲህ ከሆነ ጫጫታን የማጥፋት ሥራ መጀመር ያለበት ከምርመራ ነው። ነገሩ ግልጽ ቢመስልም አውሮፕላናቸውን በገዛ እጃቸው ከሚሠሩ ሰዎች ብዙዎቹ የሚጀምሩት ከሌላው ጫፍ ነው፤ ማጣሪያ ይገዛሉ፣ ይገጥማሉ፣ አልሠራ ሲል ሌላ ይጨምራሉ። ማጣሪያ በራሱ መጥፎ ዕቃ አይደለም። ከምርመራ ሲቀድም ግን ገንዘብ ያባክናል፣ ሲብስም የአደጋ ምልክት ይሸፍናል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው የአባቶች ብሂል ለኤሌክትሪክ መሥመርም ይሠራል።

ሰው በጋራዡ ውስጥ አውሮፕላን ይሠራል ሲባል የጥቂት ጀብደኞች ወሬ የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። በአሜሪካ ግን ይህ ሕግ የሚያውቀው ሰፊ ዘርፍ ነው። የአገሪቱ የአቪዬሽን ደንብ፣ አንድ ሰው ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ ብሎ የሥራውን አብዛኛውን ክፍል ራሱ ከሠራ፣ አውሮፕላኑን በሙከራ ምድብ አስመዝግቦ እንዲያበር ይፈቅድለታል። ፖል ፖበረዝኒ እ.ኤ.አ. በ1953 በዊስኮንሲን ግዛት የመሠረተው የሙከራ አውሮፕላን ማኅበር ዛሬም በየዓመቱ በኦሽኮሽ ከተማ ግዙፍ የአየር ትርዒት ያዘጋጃል። በኦሪገን ግዛት የሚገኘው የቫንስ ኩባንያ ከሚሸጣቸው የመገጣጠሚያ ዕቃዎች የተሠሩት የአርቪ አውሮፕላኖች ብቻ፣ ወደ ሰማይ የወጡት ከ10,000 በላይ ናቸው። የእነዚህ አውሮፕላኖች ክንፍና አካል በአንድ ንድፍ ይሠራል፤ የኤሌክትሪክ ሽቦው ግን በአብዛኛው የየሠሪው ውሳኔ ነው። አንዱ ባትሪውን ፊት ያደርጋል፣ ሌላው ኋላ፤ አንዱ የማዳመጫውን ሽቦ ከመብራቱ ሽቦ ጋር ያስራል፣ ሌላው ይለያል። ስለዚህ በአንዱ አውሮፕላን ጫጫታውን ያጠፋ መፍትሔ በሌላው ላይ ምንም ላይሠራ ይችላል። ምርመራ ግዴታ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

የአውሮፕላን ሬዲዮ ከሌሎች ይልቅ ለጫጫታ የተጋለጠበት ምክንያት መታወቅ አለበት። አብራሪና ተቆጣጣሪ የሚነጋገሩት ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ፣ በኤኤም ስልት ነው። ኤኤም ንግግርን የሚሸከመው የሞገዱን ጉልበት ከፍና ዝቅ በማድረግ ነው፤ ኤፍኤም ግን የሞገዱን ድግግሞሽ በማፍጠንና በማዘግየት። መብረቅም ሆነ የሞተር ብልጭታ የሚነካው በዋናነት የሞገዱን ጉልበት ስለሆነ የኤኤም ተቀባይ ረብሻውን ከንግግሩ መለየት አይችልም፤ ሁለቱንም አብሮ ለጆሮ ያቀርባል። የኤፍኤም ተቀባይ የጉልበቱን መለዋወጥ ቆርጦ ስለሚጥለው ከዚህ ረብሻ በአብዛኛው ይድናል። ታዲያ አቪዬሽን በኤኤም የጸናው ስለምን ነው? በመላው ዓለም ያለውን መሣሪያ በአንድ ጊዜ መቀየር ከባድ መሆኑ አንዱ ምክንያት ነው፤ ሌላው ግን የደኅንነት ጥቅሙ ነው። በኤፍኤም ሁለት ሰዎች እኩል ቢናገሩ ጠንካራው ሞገድ ደካማውን ይውጠዋል፤ አድማጩም ሌላ ሰው መናገሩን እንኳ አያውቅም። በኤኤም ግን ሁለቱ ሞገዶች ተደርበው ፉጨት ስለሚፈጥሩ ተቆጣጣሪው ሁለት ሰዎች እንደተናገሩ ያውቃል፣ ድገሙልኝ ይላል። አብራሪው ለዚህ ጥቅም የሚከፍለው ዋጋ፣ በራሱ አውሮፕላን ውስጥ የሚነሣውን ብልጭታ ሁሉ መስማቱ ነው።

ብልጭታና ሬዲዮ ደግሞ የቆየ ዝምድና አላቸው። ሄንሪክ ኸርዝ በ1880ዎቹ መጨረሻ የሬዲዮ ሞገድ በእርግጥ እንዳለ ያረጋገጠው ኤሌክትሪክ በጠባብ ክፍተት እንዲዘል በማድረግ ነበር፤ የማርኮኒ የመጀመሪያ ማሠራጫዎችም በብልጭታ የሚሠሩ ነበሩ። የአውሮፕላን ሞተር ካንዴላ የሚሠራውም ይህንኑ ነው፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ በጠባብ ክፍተት ላይ ይዘላል፣ ለብልጭታው ኤሌክትሪክ ከሚያመነጨው ከማግኔቶው ወደ ካንዴላው የሚሄደው ሽቦም ካልተሸፈነ እንደ አንቴና ሆኖ ሞገዱን ይረጫል። አራት ሲሊንደር ያለው ባለአራት ምት ሞተር በደቂቃ 2,400 ጊዜ ሲዞር አንዱ ማግኔቶ ብቻ በሰከንድ 80 ብልጭታ ይሰጣል፤ በአውሮፕላን ሞተር ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ማግኔቶው ሁለት ነው። ስለዚህ አብራሪው የሚቀመጠው ከአንድ አነስተኛ የብልጭታ ማሠራጫ ጥቂት ክንድ ርቆ ነው። የሚገርመው ጫጫታ መኖሩ ሳይሆን በደንብ በተሠራ አውሮፕላን ውስጥ ጫጫታው አለመሰማቱ ነው።

ጫጫታ መረጃ መሆኑን በሳይንስ ታሪክ ውስጥ ከካርል ጃንስኪ የተሻለ ያስረዳ የለም። ጃንስኪ በኒው ጀርሲ በቤል ላቦራቶሪ የሚሠራ ወጣት መሐንዲስ ሲሆን፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ የተሰጠው ሥራ አትላንቲክን ለሚያቋርጠው የሬዲዮ ስልክ ረብሻ የሚሆነውን ድምፅ ማጥናት ነበር። በፎርድ መኪና ጎማዎች ላይ የሚዞር ትልቅ አንቴና ሠርቶ በ20.5 ሜጋኸርዝ ማዳመጥ ጀመረ። የሰማውን በሦስት ለየው፤ በቅርብ ያለ ነጎድጓድ፣ በሩቅ ያለ ነጎድጓድ፣ ሦስተኛው ምንጩ ያልታወቀ ቀጣይ ሽሽታ። ሦስተኛውን በቀላሉ ችላ ሊለው ይችል ነበር፤ እሱ ግን መቼ እንደሚበረታና ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣ መመዝገቡን ቀጠለ። በመጨረሻ ድምፁ ተመልሶ የሚበረታው በየ24 ሰዓቱ ሳይሆን በየ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃው መሆኑን አየ። ይህ የፀሐይ ቀን አይደለም፤ ምድር ከከዋክብት አንጻር አንድ ዙር የምትጨርስበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ምንጩ ከፀሐይም ሆነ ከምድር አልነበረም፤ ፍኖተ ሐሊብ ከምንለው የከዋክብት ጭፍራ መካከል ነበር። በ1933 ይህን ሲያሳውቅ የሬዲዮ አስትሮኖሚ ተወለደ። ጃንስኪ ምንጩን ያገኘው በተሻለ ማጣሪያ አይደለም። ድምፁን ዓይነት በዓይነት ለይቶ፣ ከምን ጋር እንደሚለዋወጥ ጠይቆ፣ የአራት ደቂቃ ልዩነትን ሳይንቅ ነው ያገኘው። አውሮፕላን ሠሪውም የሚያስፈልገው ይኸው መንገድ ነው።

በአውሮፕላን ውስጥ የመጀመሪያው ጥያቄ ጫጫታው ከምን ጋር እንደሚለዋወጥ ነው። የነዳጅ መስጫው ሲገፋ አብሮ የሚቀጥን ፉጨት ከሆነ ተጠርጣሪው መካኒኮቻችን ዲናሞ የሚሉት አልተርኔተር ነው። አልተርኔተር የሚያመነጨውን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ዳዮዶች ወደ ቀጥተኛ ይቀይሩታል፤ የሚወጣው ቀጥታ ግን ፍጹም ለስላሳ አይሆንም፣ ጥቃቅን ሞገድ ይኖርበታል። ብዙዎቹ አልተርኔተሮች 12 የማግኔት ዋልታና ሦስት የሽቦ ጥቅል ስላላቸው በአንድ ዙር 36 ጊዜ ይንቀጠቀጣሉ። በደቂቃ 6,000 ዙር ሲሽከረከሩ በሰከንድ 3,600 ንዝረት ይሆናል፤ ይህ የሰው ጆሮ አጥርቶ ከሚሰማቸው ድምፆች መካከል ነው። ከሞተሩ ፍጥነት ጋር የሚሄድ ነገር ግን ፉጨት ሳይሆን የተቆራረጠ ጠቅጠቅታ ከሆነ ወደ ማግኔቶውና ወደ ካንዴላው ማየት ይገባል። ሞተሩ ጠፍቶም ቢሆን በየሰከንዱ ገደማ እየቀጠነ ወጥቶ ጠቅ ብሎ የሚቋረጥ ድምፅ ከሆነ በክንፍ ጫፍ ላይ ያለው የብልጭልጭታ መብራት ኃይል ሰጪ ነው፤ ማከማቻውን በመቶዎች በሚቆጠር ቮልት ይሞላል፣ በብልጭታው ጊዜ ባዶ ያደርገዋል። ፍጥነትንም ሆነ ጊዜን ሳይከተል፣ የኤልኢዲ መብራት ወይም የስልክ ቻርጀር ሲሰካ ብቻ ብቅ የሚል ሽሽታ ደግሞ በእነዚህ ዕቃዎች ውስጥ ኤሌክትሪኩን በከፍተኛ ፍጥነት እየቆራረጡ ቮልቴጅ ከሚለውጡት ክፍሎች የሚመጣ ነው። እስካሁን አንድ ብሎን አልተፈታም፤ ተጠርጣሪዎቹ ግን ከብዙ ወደ አንድ ወይም ሁለት ወርደዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ ጫጫታው በየት በኩል እንደሚገባ ነው። ማንኛውም የኤሌክትሪክ ረብሻ ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ ምንጭ፣ መንገድና ተጎጂ። ከሦስቱ አንዱን መቁረጥ በቂ ነው፤ ለመቁረጥ ግን ማወቅ ያስፈልጋል። የሬዲዮው ድምፅ መቆጣጠሪያ ወደ ዜሮ ሲዞር ጫጫታው ሳይቀንስ ከቀጠለ የሚገባው ከመቆጣጠሪያው በኋላ፣ ማለትም በማዳመጫው ወይም በውስጥ መነጋገሪያው መሥመር ነው። አብሮ ከቀነሰ ከዚያ በፊት ገብቷል። ከዚያ የአንቴናው ገመድ ከሬዲዮው ጀርባ ይነቀላል፤ ጫጫታው ከጠፋ በአየር ላይ ተረጭቶ በአንቴናው የገባ ነው፣ ካልጠፋ በኃይል ሽቦው እየመጣ ነው። አንቴና የሌለው ሬዲዮ ለማዳመጥ ብቻ መሆኑ አይዘንጋ፤ በዚያ ሁኔታ መናገሪያውን መጫን ማሠራጫውን ሊያበላሽ ይችላል። በመሬት ላይ እያሉ አልተርኔተሩን ለጥቂት ጊዜ ማጥፋት፣ ከሁለቱ ማግኔቶዎች አንዱን በየተራ ማቋረጥ፣ በራሱ ባትሪ የሚሠራ የእጅ ሬዲዮ ጎን ለጎን ከፍቶ እሱም ይሰማ እንደሆነ ማየት፣ እያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ይመልሳል። የእጅ ሬዲዮውን ይዞ በአውሮፕላኑ ዙሪያ መዞር የሚቻለው ግን ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ብቻ ነው፤ የሚዞር ፕሮፔለር አይታይም። ከሁሉም በላይ የሚጠበቀው ሕግ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው። ሦስት ነገር ቀይሮ ጫጫታው የጠፋለት ሰው የትኛው እንዳጠፋው ስለማያውቅ፣ ተመልሶ ሲመጣ ከዜሮ ይጀምራል።

በተግባር በጣም ብዙ ችግር የሚወልደው፣ በጣም ጥቂት ሰውም የሚጠረጥረው መንገድ የጋራ ግራውንድ፣ ማለትም የጋራ የኤሌክትሪክ መመለሻ ነው። ስልኩን በመኪና ቻርጀር ሰክቶ ከመኪናው ቴፕ ጋር በገመድ ያገናኘ ሰው ነዳጅ ሲረገጥ ከዘፈኑ ጋር አብሮ የሚወጣውን ፉጨት ያውቀዋል፤ በአውሮፕላን ውስጥ የሚሆነውም ያው ነው። ኤሌክትሪክ ከባትሪ የወጣውን ያህል ወደ ባትሪ ይመለሳል። በብረት አውሮፕላን ውስጥ ሠሪው መመለሻ ሽቦ ለመቆጠብ ሲል ሁሉንም ዕቃ በአቅራቢያው ካለ ብረት ጋር ያስረዋል። ነገር ግን ብረትም መገጣጠሚያም ጥቂት ተቃውሞ አላቸው። በአንድ የጋራ መመለሻ ላይ 20 አምፒር ቢያልፍና ተቃውሞው የአንድ ኦም 5 ሺሕኛ ብቻ ቢሆን በሁለቱ ጫፎች መካከል 100 ሚሊቮልት ይፈጠራል። ለመብራት ይህ ምንም አይደለም። የማይክሮፎን ድምፅ ግን ራሱ ከአንድ ቮልት በታች የሆነ ደቃቅ ነገር ነው፤ የማይክሮፎኑ መመለሻ በዚያው ብረት በኩል ካለፈ የመብራቱና የአልተርኔተሩ ንዝረት ከንግግሩ ጋር ተደምሮ ይሰማል። የማዳመጫና የማይክሮፎን መሰኪያዎች ከብረቱ ፓኔል በማያስተላልፍ ቀለበት ተለይተው የራሳቸው መመለሻ ሽቦ በቀጥታ ወደ መነጋገሪያው መሣሪያ እንዲሄድ የሚመከረው ለዚህ ነው። የሌሎቹ ዕቃዎች ግራውንድም በሞተሩና በአብራሪው ክፍል መካከል ባለው የእሳት መከላከያ ግድግዳ ላይ በአንድ ነጥብ ቢሰበሰብ፣ የአንዱ ዕቃ ኤሌክትሪክ በሌላው መመለሻ ውስጥ አያልፍም። በኃይል ሽቦው ላይ የሚገጠም የትኛውም ማጣሪያ ይህን ችግር አይነካውም፤ ጫጫታው የሚገባው በሌላ በር ነውና።

አውሮፕላኑ የተሠራበት ነገርም መንገዱን ይለውጠዋል። በርት ሩታን ነድፎት በ1979 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ሎንግ ኢዚ አካሉ በፋይበርግላስና በፎም የተሠራ፣ ሞተሩ ከኋላ የተቀመጠ አውሮፕላን ነው። ፋይበርግላስ ሬዲዮን ስለሚያሳልፍ አንቴናው ከመዳብ ጥብጣብ ተሠርቶ በቆዳው ውስጥ ይቀበራል፤ ነፋስ የሚያግደው ነገር ውጪ አይኖርም። ነገር ግን አንቴናውን ከውስጥ ሽቦዎች የሚለየው ብረትም አይኖርም። ባትሪው ለሚዛን ሲባል አፍንጫው ውስጥ ከተቀመጠ ወፍራሙ የኃይል ሽቦ ከፊት እስከ ኋላ ይዘረጋል፤ የመሄጃና የመመለሻ ሽቦዎቹ ተራርቀው ከሄዱ ሰፊ ቀለበት ሠርተው ረብሻ ይረጫሉ። እዚህ የሚረዳው ሁለቱን ሽቦዎች አጥብቆ መጠምዘዝ ነው፤ እኩል ሆነው በተቃራኒ የሚሄዱ ኤሌክትሪኮች መስካቸው ይጠፋፋልና። በአሉሚኒየም አርቪ ላይ ደግሞ ቆዳው ራሱ አንቴናውን ከውስጥ ሽቦ ስለሚጋርድ በአንቴና የሚገባው ይቀንሳል፤ ቆዳው እንደ መመለሻ ስለሚያገለግል ግን የግራውንድ ችግር ይበዛል። ስለዚህ የሎንግ ኢዚ ባለቤት ለአርቪ ባለቤት የሚሰጠው ምክር ቅን ሆኖ ሳለ ስሕተት ሊሆን ይችላል።

በዚህ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ይነሣሉ፤ ሦስቱም መልስ ይገባቸዋል። የመጀመሪያው ማጣሪያ ርካሽ ነው፣ ብዙ ጊዜም ይሠራል፣ ታዲያ ለምን ሰዓት ይባክናል የሚል ነው። ማጣሪያ እንደሚሠራ አልክድም። ምንጩ ታውቆ፣ በኃይል ሽቦው በኩል መምጣቱ ተረጋግጦ፣ ምንጩም ጤነኛ ሆኖ ሳለ የሚገጠም ማጣሪያ ትክክለኛ መሣሪያ ነው። ነገር ግን ከዳዮዶቹ አንዱ የተቃጠለ አልተርኔተርን እንውሰድ። ጭነቱ ቀላል እስከሆነ ድረስ ባትሪውን መሙላቱን ይቀጥላል፣ ቮልት መለኪያውም ደህና ያሳያል፤ ፉጨቱ ግን ይጎላል፣ ይሻክራልም። ይህን ፉጨት በማጣሪያ ያፈነ ሰው አቅሙ የተዳከመ አልተርኔተር ይዞ ወደ ሌሊት በረራ ሊሄድ ይችላል። ከማግኔቶው ወደ ማጥፊያ ቁልፍ የሚሄደው ሽቦም እንዲሁ ነው። ማግኔቶ የሚጠፋው ይህ ሽቦ ከግራውንድ ጋር ሲያገናኘው ስለሆነ፣ ሽቦው ከተበጠሰ ቁልፉ ተዘግቶም ማግኔቶው ሕያው ሆኖ ይቀራል፤ ፕሮፔለሩን በእጁ ያንቀሳቀሰ ሰው ሞተሩ ሊነሣበት ይችላል። በሞተሩ ንዝረት መጀመሪያ የተጎዳው የሽቦው ሽፋን ከሆነ ጠቅጠቅታው በሬዲዮ ይሰማል፤ ይህ ድምፅ ሽቦውን ሄዶ ለማየት በቂ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጫጫታ ያሰለቻል እንጂ አይገድልም ይላል። በሬዲዮው ውስጥ ስኴልች የሚባል፣ የሚናገር ሰው በሌለ ጊዜ ድምፁን የሚዘጋ ክፍል አለ። ጫጫታ የሰለቸው አብራሪ የስኴልቹን ደረጃ ከፍ ያደርገዋል፤ ጸጥታም ያገኛል። ነገር ግን ከጫጫታው ጋር ደካማ የሆኑትን ጥሪዎች ሁሉ ዘግቷል፤ ከሩቅ የሚጠራው ተቆጣጣሪ ወይም በ121.5 ሜጋኸርዝ የድረሱልኝ ጥሪ የሚያሰማ ሰው አይሰማውም። አንድ ዐረፍተ ነገር አለመሰማቱ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ደግሞ አቪዬሽን በመራራ መንገድ ተምሯል። መጋቢት 27 ቀን 1977 እ.ኤ.አ. በቴነሪፍ ደሴት የኬኤልኤምና የፓን አም አየር መንገዶች ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች በመንደርደሪያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። ምክንያቶቹ ብዙ ነበሩ፤ ከእነሱ አንዱ ግን የተቆጣጣሪውና የፓን አም አብራሪዎች ንግግር በአንድ ጊዜ መገጣጠሙ፣ ሊነሣ ይንደረደር በነበረው የኬኤልኤም አውሮፕላን ውስጥም ወሳኞቹ ቃላት በፉጨት መሸፈናቸው ነበር። ያ ፉጨት ከአልተርኔተር የመጣ አልነበረም። ቃል ከጆሮ ሲጠፋ የሚከተለው ግን ምንጩን አይመርጥም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፣ ጥሩ ሬዲዮ ገዝቶ ለባለሙያ መስጠት ይሻላል የሚል ነው። ባለሙያ ማማከር ተገቢ ነው። ውድ ሬዲዮ ግን የሚፈተነው በፋብሪካው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ገመዱ ከየትኛው ሽቦ አጠገብ እንደሚያልፍና በየትኛው ብሎን ላይ እንደሚታሰር የሚወስነው ገጣሚው ነው። ባለሙያውም ቢመጣ የሚጠይቀው ከላይ የተዘረዘሩትን ጥያቄዎች ነው፤ ሽቦው በየት በኩል እንደተዘረጋ ከሠሪው በላይ የሚያውቅ የለም። የአሜሪካ ደንብ ዋናው ሠሪ ላበጀው አውሮፕላን ዓመታዊ ፍተሻውን ራሱ እንዲያደርግ የሚያስችለውን የጥገና ፈቃድ ማግኘት እንዲችል ያደረገው ይህን ዕውቀት ስለሚያከብር ነው። ደንቡ ሥራውን ከፈቀደባቸው ሁለት ምክንያቶች አንዱ ትምህርት ነው፤ የራሱን አውሮፕላን ጫጫታ መመርመር የዚያ ትምህርት አካል ነው።

ስለዚህ አውሮፕላን ለምትሠሩም ሆነ መኪናና ጄኔሬተር ለምትጠግኑ አንባቢዎች አደራዬ ይህ ነው። ጫጫታ ሲያጋጥማችሁ መጀመሪያ ደብተር ክፈቱ፤ ድምፁ መቼ እንደሚመጣ፣ ከምን ጋር እንደሚለዋወጥ፣ ምን ሲጠፋ እንደሚጠፋ ጻፉ። ምንጩን፣ መንገዱንና ተጎጂውን ለዩ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። የተበላሸውን ጠግኑ፣ የላላውን አጥብቁ፣ ግራውንዱን በአንድ ነጥብ ሰብስቡ። ይህ ሁሉ ሆኖ የቀረ ጫጫታ ካለ ያን ጊዜ ማጣሪያ ግዙ፤ ምን እንደሚያጣራ አውቃችሁ ትገዙታላችሁ።